በስብሰባ ላይ ያነሣነው ጥያቄ የት ይደርሳል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው አራት ጥያቄዎች መነሻቸው አንድ ነው፦ የጤናው ሥርዓት ሲሻሻል ነዋሪው ቃሉን የሚያስገባው በየት በኩል ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ጣቢያችን የሕዝብ መድረክ በጠራ ቁጥር «መድኃኒት የለም» እንላለን። «ይዘነዋል፣ ይስተካከላል» ይሉናል። በቀጣዩም ስብሰባ ያው ነው። የጤና መድን አባል ሆኜ ሳለ መድኃኒት የምገዛው ከግል መድኃኒት ቤት ነው። እንዴት ብንጠይቅ ይሻላል? (ከደቡብ ጎንደር)

መልስ፦ «መድኃኒት የለም» ብሎ ለጠየቀ «ይስተካከላል» ብሎ መመለስ ቀላል ነው። መድኃኒቱን በስሙ ይጥሩ፤ ሽሮፕ ይሁን እንክብል፣ ከመቼ ጀምሮ እንደጠፋም ይናገሩ። በጤና ጣቢያው መጋዘን እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱ ቢን ካርድ (ገቢና ወጪው የሚጻፍበት የክምችት ካርድ) አለው። ገቢ ሲሆን ሞዴል 19 በተባለው ቅጽ፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ይመዘገባል። ጤና ጣቢያው በየሁለት ወሩ የቀረውንና የሚፈልገውን ሞልቶ ለመንግሥቱ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ ይልካል። ክምችቱ ከአራት ወር ፍጆታ እንዳይበልጥ፣ ከሁለት ወርም እንዳያንስ ይጠበቃል። ስለዚህ የሚጠየቀው እንዲህ ነው፦ ካርዱ ላይ ዜሮ የተጻፈው መቼ ነው? ባለፈው ለቅርንጫፉ በላካችሁት ጥያቄ ላይ ስንት ጠየቃችሁ፣ ስንት ደረሳችሁ? ቅርንጫፉ ከሌለው «የለም» የሚል ማረጋገጫ ወስዳችሁ ከሌላ አቅራቢ ለመግዛት ሞከራችሁ?

መልሱ ተጠያቂውን ይለያል። ካልተጠየቀ ጉዳዩ የጤና ጣቢያው ፋርማሲ ነው። ተጠይቆ ካልመጣ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ከቅርንጫፉ ጋር ይነጋገርበት። ቅርንጫፉ መድኃኒቱ ኖሮት ጤና ጣቢያው ገንዘብ አጥቶ ከሆነ ግን ነገሩ ወደ እናንተው መድን ይመለሳል።

እንዴት ቢሉ፦ የቲቢ፣ የኤችአይቪ፣ የወባና የቤተሰብ ምጣኔ መድኃኒቶች በፕሮግራም በነፃ ይመጣሉ። ሌሎቹ የሚገዙት በተዘዋዋሪ ፈንድ ነው፤ የዛሬው ሽያጭ የነገውን መግዣ ይሆናል። የመድን አባል ሲታከም ከኪሱ አይከፍልም፤ ጤና ጣቢያው ሒሳቡን አጠራቅሞ ለወረዳው መድን ያቀርባል፣ መድኑ አጣርቶ ይከፍላል። ክፍያው በዘገየ ቁጥር መደርደሪያው ይራቆታል። አባላት ለመድን ያዋጡት ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ እነሱ መድኃኒት ከገበያ ይገዛሉ። ጥፋቱም ሁልጊዜ የመድኑ ብቻ አይደለም፤ ጤና ጣቢያው ሰነዱን ያዘገያል፣ ወይም ፊርማና ማኅተም የጎደለው ማዘዣ አያይዞ ይመለስበታል። ስለዚህ የጤና ጣቢያውን ኃላፊና የመድኑን አስተባባሪ አንድ መድረክ ላይ አስቀምጡና «ያልተከፈለው ስንት ነው፣ የየትኛው ሩብ ዓመት ነው?» በሏቸው። ለየብቻ ከጠየቃችኋቸው እያንዳንዱ በሌለው ሰው ያመካኛል።

ቃለ ጉባኤው ላይ «ይስተካከላል» የሚል ቃል እንዳይጻፍ። ማን፣ ምን፣ እስከ የትኛው ቀን እንደሚሠራ ይጻፍ፤ ቀጣዩም ስብሰባ ያንን በማንበብ ይጀመር።

ለራስዎ ደግሞ፣ መድኃኒት ሲያጡ ማዘዣዎ ላይ «የለም» አስብለው ማኅተም ያስደርጉ፣ የግዢ ደረሰኙንም ያስቀምጡ። ተመላሽ ማግኘት አለማግኘትዎ በክልልዎ መመሪያና መድኑ ከመድኃኒት ቤቶች ጋር በገባው ውል ይወሰናል። አዲስ አበባ ላይ ለምሳሌ የከተማው አስተዳደር ከሆኑት ከከነማ መድኃኒት ቤቶች ጋር ውል ተደርጎ ተሠርቶበታል።

በየሩብ ዓመቱ ስለሚሞላው የማኅበረሰብ ውጤት መስጫ ካርድም አንድ ነገር እንበል። ካርዱ የባለሙያውን አክብሮትና ርኅራኄ፣ የወረፋውን ጊዜ፣ መድኃኒትና ምርመራን፣ አምቡላንስን፣ ሕንፃውንና ንጽሕናውን ይመዝናል። ባለሙያዎቹ ቁጭ ብለው እያዩ ከተሞላ ግን ውጤቱ ሁሉ «በጣም ጥሩ» ይሆናል፤ ነርሷ የጎረቤት ልጅ ናት፣ ማን ያስከፋታል? የነዋሪው ተወካዮች መጀመሪያ ብቻቸውን ይሙሉ፣ ከቁጥሩ ጎን ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጻፉ፤ ከባለሙያው ጋር ፊት ለፊት መነጋገሩ ከዚያ በኋላ ይሁን።

ጥያቄ፦ በጤና ጣቢያው ቦርድ የነዋሪው ወኪል ሆኜ ተመርጫለሁ። እስካሁን ያደረግኩት ነገር ቢኖር መፈረም ነው። ምን መጠየቅ እችላለሁ? (ከሲዳማ)

መልስ፦ ቦርድ ያስፈለገው ለገንዘቡ ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ጤና ተቋማት ከካርድ፣ ከምርመራና ከመድኃኒት የሚያገኙትን የውስጥ ገቢ ለመንግሥት ፈሰስ ከማድረግ ይልቅ ይዘው እንዲጠቀሙበት መንገድ ከፈተ። ይህ ገንዘብ ከመንግሥት በጀት በላይ የሚጨመር እንጂ እሱን የሚተካ አይደለም፤ አጠቃቀሙን የሚያጸድቀውም ቦርዱ ነው። የጤና ጣቢያችሁ ገቢ ስላደገ ወረዳው መደበኛውን በጀት ከቀነሰ መርሑ ተጥሷል፤ ይህን ማየት የሚችለው የሁለቱን የሦስት ዓመት ቁጥር ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ነው።

ስለዚህ ዕቅዱን፣ የሩብ ዓመቱን የገቢና ወጪ ሪፖርትና የመጨረሻውን የኦዲት ግኝት ከስብሰባው ቀድመው እንዲሰጡዎ ይጠይቁ። ጠረጴዛ ላይ የተሰጠ ወረቀት አይነበብም። ገና ያላዩትን ሒሳብ «አላየሁትም» ብሎ አለመፈረም መብትዎ ነው፤ ምክንያቱን ግን በቃለ ጉባኤ ያስጽፉ።

ጊዜውንም ይወቁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ የወረዳው ዕቅድ የሚቦካው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት፣ በበጋውና በበልጉ ነው። የውኃ ቧንቧ ወይም የማዋለጃ ክፍል ጥያቄ በመጋቢት ከቀረበ ዕቅድ ውስጥ የመግባት ዕድል አለው፤ ነሐሴ ላይ የተነሣ ግን «በጀት አልተያዘለትም» ይባላል፣ መልሱም እውነት ነው።

በነገራችን ላይ ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው ሕግ በየደረጃው ካሉት የጤና ምክር ቤቶች መቀመጫ ግማሹን ለተገልጋዮች ሰጥታለች። የእኛ ቦርዶች በሹማምንት የተሞሉ ናቸው፤ ለዚህ ነው አንዱ የነዋሪ ወኪል ወረቀት አንብቦ መምጣት ያለበት።

ጥያቄ፦ የጤና መድን መዋጮ ተጨመረብን፤ ማንም አልጠየቀንም። ማን ነው የሚወስነው? በቀበሌያችን ደግሞ አቅም ያላቸው ሰዎች በነፃ ታካሚዎች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። (ከአርሲ)

መልስ፦ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ጠቅላላ ጉባኤ ታስቦበት ነበር፤ የየቀበሌው ወኪሎች ተሰብስበው ሪፖርት የሚሰሙበትና ሐሳብ የሚሰጡበት። የመዋጮው መጠን በክልል ደረጃ ቢወሰንም ጉባኤው ሳይሰበሰብ አዲስ ምዝገባ መጀመሩ ትክክል አይደለም። የቀበሌያችሁን ወኪል ስሙን ጠይቁ፤ ብዙዎች ወኪል እንዳላቸውም አያውቁም። ጉባኤው ላይ የሚጠየቀው ባለፈው ዓመት ስንት ተሰበሰበ፣ ለሕክምና ስንት ተከፈለ፣ ስንት ቤተሰብስ አላደሰም የሚለው ነው። የማያድሰው ከበዛ ብዙ ጊዜ ጤነኞቹ ወጥተው ሕመምተኞቹ ቀርተዋል ማለት ነው፤ ያኔ መዋጮውን ማሳደግ ብቻውን ችግሩን ያባብሰዋል።

አሠራሩ ላይ አንድ ቅሬታ አለን፦ የመድኑን ቦርድ የሚመራው የወረዳው አስተዳዳሪ ነው፤ ጤና ጣቢያውም በእሱው አስተዳደር ሥር ነው። ከፋይና ተከፋይ አንድ አለቃ ሲኖራቸው የጥራት ክርክር ይዳከማል።

መክፈል የማይችሉት የሚመረጡት በቀበሌ ነው። ዝርዝሩ ወረዳ ሄዶ ከመጽደቁ በፊት በሕዝብ ፊት እንዲነበብ ወይም እንዲለጠፍ ይጠይቁ፤ ከጸደቀ በኋላ ማስተካከል እስከ ሚቀጥለው ዓመት ሊያስጠብቅ ይችላል። ሲያመለክቱ «እገሌ አይገባውም» ከማለት «እገሊት የቀረችው ለምንድን ነው?» በሚለው ይጀምሩ። ጠብ ያነሰ ይሆናል፣ የሞቱና የለቀቁ ሰዎች ስምም ሲጣራ አብሮ ይወጣል።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ነርስ ነኝ። የፌዴራል የጤና መመሪያ ሲረቀቅ እንደኔ ያለ ሰው አስተያየት መስጠት ይችላል?

መልስ፦ ይችላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው ሊጠየቅ መብታቸው እንደሆነ ይናገራል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ ተቋማት መመሪያ ሲያረቁ ለሕዝብ እንዲያሳውቁና አስተያየት እንዲቀበሉ ያስገድዳል፤ የተሰጠው ጊዜ ከ15 የሥራ ቀናት ማነስ የለበትም። የጽሑፍ አስተያየት በአካል መገኘትን አይጠይቅም። አዋጅ ከሆነ ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ በተወካዮች ምክር ቤት የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ በሚጠራው የሕዝብ ውይይት በኩል ያልፋል።

አስተያየትዎ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የአንቀጹን ቁጥር ይጥቀሱ፣ ሥራ ላይ ሲውል የት እንደሚሰናከል በሁለት ዓረፍተ ነገር ያሳዩ፣ ከዚያ «እንዲህ ተብሎ ይጻፍ» ብለው ምትኩን ቃል በቃል ያስቀምጡ። አርቃቂዎች የሚቀዱት ያንን ነው። ስለ አሜሪካ አሠራር የሚተርክ ረጅም ደብዳቤ ግን ተመስግኖ ይቀመጣል።

ረቂቁን ወይም መነሻ ጥናቱን ከከለከሉዎ የመረጃ ነፃነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ። ጥያቄውን ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል በጽሑፍ ያቅርቡ፤ አዲስ አበባ ዘመድ ካለዎት መዝገብ ቤት አስገብቶ ቁጥርና ቀን ያስመታበት። መልስ መስጠት ያለባቸው በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ ዝም ካሉ አቤቱታው መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል፤ ያንን የመዝገብ ቁጥርም ያኔ ይጠይቁዎታል።