«እሺ» ይሉኛል፣ ሥራው ግን አይመጣም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤዎች መርጫለሁ። ሦስቱም በአካል የማናገኛቸውን ሰዎች ስለመምራት የሚጠይቁ ናቸው። እኔ ዘጠኝ ዓመት ያህል አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ባሕር ዳር፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሜሪላንድ ያሉ ሰዎችን መርቻለሁ። የምመልሰውም ከዚያ ተነስቼ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የሂሳብ አገልግሎት ድርጅት የቡድን መሪ ነኝ። ሰባት ሰዎች አሉኝ። ሁለቱ አዳማ፣ ሁለቱ ሐዋሳ፣ አንዷ መቀሌ ናቸው፤ የቀሩት እዚሁ ከየቤታቸው ይሠራሉ። ሰኞ ጠዋት በቪዲዮ ተገናኝተን ሥራ አከፋፍላለሁ። ሁሉም «እሺ» ይላሉ። ካሜራ የሚከፍት የለም። ሐሙስ ስጠይቅ ግማሹ ሥራ አልተጀመረም። ከተቆጣሁ ዝም ይላሉ፣ ካልተቆጣሁ ሥራው አይመጣም። አሁን ደግሞ አለቃዬ የሠራተኞቹን ስክሪን በየጊዜው ፎቶ የሚያነሳ ሶፍትዌር እናስገባ እያሉ ነው። ምን ይመክሩኛል? (ከገርጂ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ስለዚች «እሺ» እንነጋገር። ችግሩ ያለው እዚያ ይመስለኛል።

«እሺ» ብዙ ነገር ነች። «ሰምቻለሁ» ማለት ትሆናለች። «አከብርዎታለሁ» ማለት ትሆናለች። «በቃ ስልኩን እንዝጋ» ማለትም ትሆናለች። «ሐሙስ ጨርሼ አስረክባለሁ» ማለት ግን ላትሆን ትችላለች። ቢሮ ውስጥ ልዩነቱን ሳናስበው እናውቀዋለን። ሰውዬው «እሺ» ብሎ ዓይኑን መሬት ላይ ከተከለ፣ ወጥቶም ኮሪደር ላይ ከጓደኛው ጋር ካንሾካሾከ፣ አንድ ነገር እንዳለ ይገባናል። በቪዲዮና በስልክ ያ ሁሉ ይቀራል። የምትተርፈው «እሺ» ብቻ ናት።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ባሕር ዳር የሚሠራ አንድ ልጅ ነበረኝ፤ ጎበዝና ቁጥብ። ማክሰኞ ዕለት ለዓርብ የሚደርስ ሪፖርት ሰጠሁት። «እሺ» አለኝ። ዓርብ የለም። ሰኞ «ዛሬ ይደርሳል፣ እሺ» አለ። አሁንም የለም። እኔም ተናድጄ ሁሉም በሚያየው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ወቀስኩት። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ደወልኩለት። ከኋላው የባጃጅ ድምፅና የሰው ጫጫታ ይሰማል። «የት ነህ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ኢንተርኔት ቤት» አለኝ። የላፕቶፑ ቻርጀር ከተቃጠለ ስምንት ቀኑ ነበር። ስምንቱንም ቀን ከኪሱ በሰዓት እየከፈለ የእኔን ሥራ እዚያ ሲሠራ ነበር። «ለምን አልነገርከኝም?» ስለው «እርስዎም ብዙ ጣጣ አለብዎት ብዬ ነው» አለኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለቻርጀሩ ገንዘብ ለማስፈቀድ የፈጀብኝ አንድ ቀን ነው። ይቅርታ የጠየቅሁት ደግሞ እዚያው ግሩፕ ላይ ነው። የወቀስኩት እዚያ ስለሆነ ይቅርታውም እዚያ መሆን ነበረበት።

ስለዚህ ከ«እሺ» በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ። ጥያቄው በሌላ «እሺ» የማይመለስ ይሁን። «ከየትኛው ትጀምሪያለሽ?» «የቱ ጋ የሚያስቸግርሽ ይመስልሻል?» «ከእኔ ምን ትፈልጊያለሽ?» እንደዚህ። «ግልጽ ነው?» የሚለውን ግን ይተዉት። «አልገባኝም» ማለት ለብዙዎቻችን ከባድ ነው፤ በሰው ፊት ደግሞ ይብሳል። ከጠየቁ በኋላ ዝም ይበሉ። በልብዎ እስከ አስር ይቁጠሩ። ኔትወርኩ ይዘገያል፣ ማይክ መክፈት አለ፣ ድፍረት ማሰባሰብም አለ። ብዙ አለቆች ሦስት ሳይቆጥሩ ራሳቸው ይመልሱታል።

ቀጥሎ ሥራውን በጽሑፍ ያስቀምጡት። «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» የሚል መልእክት ሰው ያስጨንቃል እንጂ ሥራ አያመጣም። እኔ አሁን እንዲህ ነው የምጽፈው፦ «የሰኔ የደንበኞች ሂሳብ ሐሙስ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ የጋራ ፋይሉ ውስጥ ይግባ። 40ዎቹም ደረሰኞች መመዝገባቸውን አይተሽ። መብራት ወይም ኔትወርክ ከጠፋብሽ እስከ 6 ሰዓት ደውይልኝ፣ ሌላ መላ እንፈልጋለን።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ ይበሉልኝ። ሰው ችግር ሲገጥመው ከመናገሩ በፊት ፈቃድ ይፈልጋል። ፈቃዱን አስቀድመው ይስጡት።

የሃርቫርዷ ፕሮፌሰር ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሆስፒታል ቡድኖች ላይ ያደረገችው ጥናት እዚህ ላይ ይረዳናል። በደንብ የሚመሩት ቡድኖች ከሌሎቹ ይልቅ የመድኃኒት ስህተት የሚበዛባቸው መስለው ታዩ። እሷም ግራ ገባት። በኋላ ነገሩ ሲገለጥ፣ እነዚህ ቡድኖች ስህተታቸውን አፍ አውጥተው ይናገሩ ነበር። ሌሎቹ «ሆድ ይፍጀው» ብለው ይዘውታል። የእርስዎም ሰዎች አሁን ሆዳቸው ውስጥ የያዙት ነገር ያለ ይመስለኛል።

ያንን የሚያወጡት በሰኞው ስብሰባ ላይ አይደለም። ለእያንዳንዳቸው በሳምንት 20 ደቂቃ ይስጡ፤ ለብቻ፣ በተራ የስልክ ጥሪ። እኔ ለዚህ አንድ ባለ መስመር ደብተር አለኝ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ሰጥቼ ለሁለት እከፍለዋለሁ። በግራ እሱ አደርጋለሁ ያለውን፣ በቀኝ እኔ አደርግልሃለሁ ያልኩትን እጽፋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት የምጀምረው ከቀኙ ነው። «ከፋይናንስ ጋር እነጋገርልሃለሁ ብዬ ነበር፣ እንዲህ ሆነ» እላለሁ። የራሴን ቃል ካነሳሁ በኋላ የእሱን መጠየቅ አያስከፋም።

ካሜራውን ይተዉት። ካሜራ አለመክፈት ንቀት ላይሆን ይችላል። ፓኬጁ እያለቀ ይሆናል። ከኋላ ሕፃን ተኝቶ ይሆናል። አንድ ክፍል ቤት የሚኖር ሰው ቤቱን ለሰባት ሰው ማሳየት ካልፈለገ መብቱ ነው።

ሶፍትዌሩን ግን እባክዎ ይከላከሉ። አለቃዎ ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም ያሰቡት፣ ጨንቋቸው ነው። ስለዚህ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። የአንድ ወር ጊዜ ይጠይቁ፣ በየሳምንቱም ምን ሥራ እንደተረከቡ በአንድ ገጽ ያሳዩአቸው። የስክሪን ፎቶ የሚነግርዎት ስክሪኑ መብራቱን ነው። ያ ሶፍትዌር የባሕር ዳሩን ልጅ ቢያየው ኖሮ ስምንት ቀን ሙሉ «አልሠራም» ብሎ ይመዘግበው ነበር።

ጥያቄ፦ የሰው ኃይል ባለሙያ ነኝ። ድርጅታችን ቡድናቸውን ከርቀት ለሚመሩ 12 ኃላፊዎች የአመራር ሥልጠና ሊሰጥ ነው። ዕቅዱ ቢሾፍቱ ሆቴል ውስጥ ሦስት ቀን ነው፤ አበልና ሰርተፊኬት አለው። ዓምናም ሰጥተን ምንም የተለወጠ ነገር አላየሁም። እንዴት ቢሆን ይሻላል? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ቢሾፍቱን አልቃወምም። አብሮ መብላትና ሐይቁ ዳር መጨዋወት ከርቀት ለሚሠሩ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ግን አንድ ቀን ይበቃል፣ ስሙንም መተዋወቂያ በሉት። ሥልጠናውን በስድስት ሳምንት ላይ በትኑት፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል። እሱም በዚያው በየቀኑ በሚሠሩበት ቪዲዮ፣ እያንዳንዱ ከየቤቱ ሆኖ ይሁን። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሰው ፊት ለፊት እያዩ የርቀት አመራር አይለመድም። አሠልጣኙ ራሱ ኔትወርክ ሲቆረጥበት ምን እንደሚያደርግ ይዩት። ያም ትምህርት ነው።

በየሳምንቱ ከየራሳቸው ቡድን ጋር የሚሠሩት የቤት ሥራ ይኑር። እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው፦ እያንዳንዱ ኃላፊ በዚያ ሳምንት ለሠራተኛ የላከውን አንድ እውነተኛ መልእክት ስም አጥፍቶ ያመጣል። ሌሎቹ «ይህ ቢደርሰኝ ምን ይገባኛል?» ብለው ያነቡታል። ከዚያ አብረው እንደገና ይጽፉታል። ሰው የራሱን ጽሑፍ በሌላ ሰው ዓይን ሲያይ ይደነግጣል። ከስንት ስላይድ የሚበልጥ ትምህርት ነው።

አንዱን ሳምንት ለሰዓትና ለቀን ስጡ፤ ትንሽ ነገር መስሎ ብዙ ያበላሻል። አንድ ክረምት «ስብሰባ 3 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለቴ ነበር። ሜሪላንድ ያለችው ባልደረባችን በእሷ ሰዓት 3 ፒኤም መሰላት። እኛ አንድ ሰዓት ያህል ጠብቀናት ወጣን። እሷ ስትገባ ማንም አልነበረም። አሜሪካ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ላይ ሰዓቱን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ከእኛ ጋር ያለው ልዩነት ለሜሪላንድ ከ7 ወደ 8 ሰዓት ያድጋል። ማርች ሁለተኛው እሑድ ላይ ተመልሶ 7 ይሆናል። ዱባይ ዓመቱን ሙሉ በ1 ሰዓት ይቀድመናል፣ ሪያድ ከእኛ እኩል ነው። ቀኑም እንደዚያው ነው። በቁጥር ብቻ «5ኛ ወር» ሲባል አንዱ ጥር፣ ሌላው ሜይ ይላል። የዕለቱን ስም፣ የሁለቱንም አቆጣጠር ቀንና የሁለቱንም ቦታ ሰዓት መጻፍ ይልመድባቸው። የሌሊቱ ስብሰባም ሁልጊዜ በአንድ ሰው ላይ አይውደቅ፣ ይፈራረቁበት።

የማታ መልእክትም እዚሁ ይነሳ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ቤት መሥራት ይህንን አያስቀርም። ኃላፊው ማታ 4 ሰዓት ላይ ሐሳብ ከመጣለት ይጻፈው። ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ምልክት ጫን ብሎ ሲይዝ በሚፈልገው ሰዓት እንዲላክ ማድረግ ይችላል። ጠዋት ይድረስ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በሥልጠና ሰነድ ላይ አይቼው አላውቅም። ደሴ ያለች ባልደረባችን እናቷ ሲሞቱ ግሩፑ «ነፍስ ይማር» በሚል ተሞላ። ያ የበቃ መስሎኝ ነበር። ኮምቦልቻ የሚኖር ሌላ የቡድናችን ልጅ ግን ማንም ሳይነግረው ታክሲ ይዞ ሄዶ ለቅሶ ደረሰ። ድንኳኑ ውስጥ «ከመሥሪያ ቤቷ ሰው መጣ» ተብሎ ቦታ ተለቀቀለት። እሷ ይህንን ስትነግረኝ አለቀሰች። ስለ መልእክቶቻችን ምንም አላነሳችም። ከዚያ ወዲህ ደብተሬ ላይ የማን ቤት ለማን እንደሚቀርብ ጽፌ ይዣለሁ። ኃላፊዎቻችሁ ይህንን ያውቃሉ? ካላወቁ ከዚያ ጀምሩ።

ውጤቱን ከሦስት ወር በኋላ መዝኑት። የምትጠይቁት ግን ኃላፊዎቹን ሳይሆን የሚመሯቸውን ሰዎች ነው። «ባለፈው ወር ችግር ሲገጥምሽ ለማን ነገርሽ? ምን ተደረገልሽ?» ሁለት ጥያቄ ይበቃል።

ጥያቄ፦ እንደ ታናሽ እህትዎ ይምከሩኝ። ከሐዋሳ ሆኜ አምስት ሰዎችን መምራት ከጀመርኩ ስድስት ወሬ ነው። ጥሩ እየሠራን ነው። ነገር ግን ዕድገት ሲመጣ ዋናው መሥሪያ ቤት ያሉት ናቸው የሚታሰቡት። የእኔ ሰዎች ተስፋ እየቆረጡ ነው። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ የሰዎችሽን ቅሬታ በቁም ነገር ያዢው፤ መሠረት አለው። የስታንፎርዱ ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 እና 2011 በቻይናው የጉዞ ድርጅት ሲትሪፕ የስልክ አገልግሎት ሠራተኞች ላይ ሙከራ አድርገው ነበር። ዘጠኝ ወር ከቤታቸው የሠሩት ሰዎች ሥራቸው በ13 በመቶ ጨመረ። ነገር ግን ከውጤታቸው አንጻር ሲታይ ዕድገት የማግኘት ዕድላቸው ቢሮ ካሉት ያነሰ ነበር። ብዙዎቹም በኋላ ምርጫ ሲሰጣቸው ብቸኝነቱ ከብዷቸው ወደ ቢሮ ተመለሱ። እንግዲህ መረሳቱ በእናንተ አልተጀመረም። ሰዎችሽ እንዲታዩ ማድረግ ደግሞ የአንቺ ሥራ ነው።

በየወሩ መጨረሻ ዓርብ ለአለቃሽ አንድ ገጽ ጻፊ። «ቡድኑ ይህን ሠራ» አትበይ። ስም ጥሪ። «የተመላሽ ዕቃዎቹን ችግር ያገኘችው እሷ ናት፣ እንዲህ አድርጋ ፈታችው» በይ። ዋናው መሥሪያ ቤት ስብሰባ ሲኖር ሁልጊዜ አንቺ አታቅርቢ። ሥራውን የሠራው ሰው ያቅርብ፣ አምስት ደቂቃም ቢሆን። ከዚያ በፊት ባለው ማታ በስልክ አለማምጂው። የዕድገት ማስታወቂያ ሲወጣ ደግሞ «አመልክቱ» ብለሽ ብቻ አትተዪ፤ ለአለቃሽ ራስሽ ደውለሽ ስሙን ንገሪ። ይሉኝታ ይይዝሽ ይሆናል። ለራስሽ የማትጠይቂውን ለሰዎችሽ ጠይቂ።

ለእያንዳንዳቸውም ምን እያደረግሽ እንደሆነ ንገሪያቸው። አሁን ተስፋ የሚቆርጡት ዕድገቱ ስለቀረ ብቻ አይመስለኝም፤ ስማቸውን የሚያነሳላቸው ሰው እንዳለ አያውቁም። በዚህ ሳምንት አንዷን ደውለሽ «ስለ አንቺ ይህን ጽፌያለሁ» ብለሽ አንብቢላት።