ለፋሲካ በግ ልታደልቢ ላሰብሽው እህት፦ ከፉርሽካው በፊት ውሃው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ካራ አሎ 160 ካሬ ግቢ አለኝ፣ ከቤቱ ጀርባ ትንሽ ክፍት ቦታ አለች፣ ለፋሲካ የሚደርሱ አራት አምስት ሙክቶች ላደልብ አስቤያለሁ፣ ፉርሽካ ብቻ ባበላቸው ይበቃል ወይ?» ነው ያልሽው። አንዳንዱ «ይበቃል፣ አትጨነቂ» ብሎሻል። አይበቃም። እኔን ያከሰረኝ ይኸው «ይበቃል» የሚል ምክር ነው። አንቺ ደግሞ ሁኔታሽ ቁርጥ የኔን ስለሚመስል ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

እኔም እንዳንቺ አዲስ አበባ ዳር ነኝ፣ ከአንቺ በተቃራኒው አቅጣጫ። ግቢዬ 175 ካሬ ነው። ከ2014 ጀምሮ በየዓመቱ ጥምቀት ሲያልፍ እገዛለሁ፣ ለፋሲካ እሸጣለሁ። ባለፈው ዓመት ስድስቱንም ከግቢዬ ሳላወጣቸው ነው የሸጥኳቸው። ጎረቤቶቼ ገና በደብረ ዘይት ሰሞን «ያ ነጩ የኔ ነው» እያሉ ይዘዋቸው ነበር። ለዚህ የበቃሁት ግን መጀመሪያ ሁለት በግ ቀብሬ ነው።

1. ቦታው አያሳስብሽ። ለአንድ በግ ከጣሪያ በታች ከ1 እስከ 1.5 ካሬ ይበቃዋል። ዋናው ወለሉ ነው። መሬት ላይ እንዳታሳድሪያቸው። ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ አሠሪ፣ ሽንቱና በጠጡ በክፍተቱ ወደ ታች ይውረድ፣ ከሥር በየሁለት ቀኑ ይጠረግ። ግቢው የሚሸተው በበጉ ሳይሆን በተጠራቀመ ሽንት ነው። በጠጡን አትጣዪው። እኔ አጠገቤ ላሉት እናት ለጎመናቸው እሰጣቸዋለሁ፣ እሳቸውም አንድ ቀን ስለ ሽታ አንስተውብኝ አያውቁም።

2. ሲገዛ ጥርሱን ብቻ አይተሽ አትመለሺ። ሁለት ትልልቅ ጥርስ ያወጣ፣ አንድ ዓመት ከምናምን የሆነው፣ አጥንቱ የገዘፈ ሥጋው ግን የከሳ በግ ነው ለማድለብ የሚሆነው። የታችኛውን የዓይኑን ሽፋን ገልብጠሽ እዪ። ቀላ ያለ ከሆነ ደህና ነው፣ ነጣ ካለ ትል ጨርሶታል። አፍንጫው የሚዝረበረብ፣ ጭራው ሥር በተቅማጥ የተለጠፈበት ከሆነ በነፃም ቢሰጡሽ ተይው። የመንዝ በግ ትንሽ ነው ግን ብርዱን ይችለዋል፣ የሆሮ ተለቅ ይላል። ካራ ገበያ ቅርብሽ ስለሆነ በበዓል ዋዜማ ሳይሆን በተራ ቀን፣ ማለዳ ሂጂ። ቤት ሲደርሱ የትል መድኃኒት ይሰጣቸው፣ ክትባትም ይከተቡ። በፊት የነበረ በግ ካለሽ ደግሞ አዲሶቹን ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻ አቆዪያቸው። ፌስታል ከግቢሽ ልቀሚ፤ በግ ፌስታል ይበላል፣ ሆዱ ውስጥ ተቋጥሮ ይቀራል፣ እየበላ ይከሳል።

3. መኖ። እዚህ ላይ ነው እኔ የወደቅኩት፣ ስለዚህ እንደ ምክር ሳይሆን እንደሆነው አድርጌ ልንገርሽ።

በ2014 ጥር መጨረሻ አምስት ሙክት ገዛሁ። ሻጩ «እነዚህ በግልገልነታቸው የተቀጠቀጡ ናቸው፣ ቶሎ ነው የሚሰቡልሽ» አለኝ፣ እኔም ደስ አለኝ። ድርቆሽ ያን ጊዜ ተወድዶ ነበር። ፉርሽካ ግን ከመኖ መሸጫው በኩንታል ገዝቼ በባጃጅ አስመጣሁ። ጠዋት ፉርሽካ፣ ማታ ፉርሽካ፣ መሃል ላይ ትንሽ ጭድ። በግ ፉርሽካ ሲያይ እንዴት እንደሚሮጥ ታውቂ የለ? እየሮጡ ሲበሉ ሳይ የደለቡ መሰለኝ፣ ደግሞም ደልበው ነበር። መጋቢት ላይ ጀርባቸውን ስዳብሳቸው አከርካሪያቸው አይገኝም ነበር።

ውሃው ደግሞ እንዲህ ነበር። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ አንዳንዴም አንድ። ሮቶአችን 500 ሊትር ነው። አምስት ሰው፣ ልብስ፣ ምግብ፣ ሽንት ቤት። ሳይመጣ ሲቀር ጀሪካን በጋሪ እናስገዛለን። እኔም ከበጎቹ ቆጠብኩ። ለአምስቱ ጠዋት አንድ ባልዲ ብቻ እሰጣለሁ፣ እሱም የማለዳ ውሃ ስለሆነ እጅ ያቆረፍዳል፣ በጎቹ ሁለት ሦስት ጊዜ አፋቸውን ነክረው ይመለሳሉ። «አልጠማቸውም» እል ነበር።

ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሐሙስ ማታ፣ ትልቁ ሙክት ፉርሽካውን ትቶ ጥግ ቆመ። የኋላ እግሮቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ ያምጣል፣ ጭራውን ቶሎ ቶሎ ያርገበግባል፣ ጥርሱን ያፋጫል። እኔና ባለቤቴ ድርቀት ነው አልን። ዘይት አጠጣነው፣ ተልባ በጥብጠን ሰጠነው። ሌሊቱን ሲያቃስት እኛ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

አርብ ጠዋት ሐኪም ፍለጋ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የቢሮውን ስም አልጠራም። እስከ አራት ሰዓት ተኩል በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። በመጨረሻ አንድ ሰው ወጣና የምለውን ሳያስጨርሰኝ «ለመሆኑ ግቢ ውስጥ በግ እንድታረቢ ማን ፈቀደልሽ?» አለኝ። በጉ እየሞተብኝ ነው አልኩት። ደብዳቤ አምጪ አለኝ። ደብዳቤ የሚጽፈው ሌላ ቢሮ ነው፣ እዚያ ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ነው ተባለ። ከሰዓት ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። «ነገ ቅዳሜ ነው፣ ሰኞ ነይ» ብሎ መስኮቱን ዘጋው። ዛሬም ስጽፈው ደሜ ይፈላል። ገንዘብ አልጠየቅኩም፣ መሬት አልጠየቅኩም። አንድ የተማረ ሰው መጥቶ አንድ በግ እንዲያይልኝ ነው የለመንኩት። የሌማት ትሩፋት በ2015 ከመጣ ወዲህ ሰው በግቢው ዶሮም በግም ሲይዝ እንደ ጥፋተኛ አይታይም፣ ያኔ ግን እንደ ሌባ ነው ያየኝ።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሲያምጥ ዋለ። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በጉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ማቃሰቱን ትቷል። ድርቆሽ ስሰጠው አንድ ሁለት ጎረስ አደረገ። ልጆቼን ጠርቼ «ተሻለው!» አልኳቸው፣ ትንሿ ልጄ አንገቱን አቀፈችው። ሆዱ በሁለቱም በኩል ወደ ታች ተንዘርጥጦ ነበር፣ እኛ ጠግቦ ነው አልን። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሞቶ አገኘሁት።

ያን ዕለት ቢሮ አልሄድኩም። ዋናው መንገድ ላይ ካለ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ገብቼ የሆነውን ስነግረው፣ ልጁ ሱቁን ለጓደኛው ትቶ ተከትሎኝ መጣ። በጉን ከፈተልኝ። ሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሽንት ነው። ፊኛው ፈንድቷል። «እሑድ የተሻለው ያኔ ነው» አለኝ። ፊኛው ሲፈነዳ ሕመሙ ስለሚቀንስ በጉ ይነሳል፣ ግን ያለቀለት ነው። ከዚያ ኩላሊቱን ሰንጥቆ በጣቱ አሸት አሸት አደረገና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። አሸዋ ነው። በክት ነውና ከግቢ ውጭ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረን ቀበርነው።

ልጁ የቀሩትን አራቱን አንድ በአንድ በቂጣቸው እያስቀመጠ አያቸው። የሁለቱ ሽንት መውጫ አካባቢ ያለው ፀጉር ላይ ነጭ ጤፍ የመሰለ ነገር ተጣብቋል። ሽንታቸው ሲደርቅ የሚቀር ጠጠር ነው። አንዱ ሲያምጥ ጠብታ ጠብታ ደም ያለበት ይወጣዋል። የወንድ በግ ብልት ጫፍ ላይ እንደ ክር የቀጠነች ነገር አለች፣ ጠጠሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚወተፈው። ልጁ እሷን ቆረጣት። መጀመሪያ ጠብ አለ፣ ከዚያ ጅረት ሆኖ ወረደ። በጉ ሲሸና ቆሞ ያለቀሰ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አለቀስኩ። ሌላውን ግን አልደረስንለትም፣ ጠጠሩ ከውስጥ ነበር፣ ረቡዕ ሞተ።

ምክንያቱን ያን ቀን ነው የተረዳሁት። ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ ነው፣ ካልሲየሙ ግን በጣም ጥቂት። በጉ ፉርሽካ ብቻ ሲበላና ውሃ ሲያንሰው ትርፉ ሽንቱ ውስጥ ጠጠር ይሠራል። ሴቷም ጠጠር ሊኖራት ይችላል፣ ግን መውጫዋ ሰፊና አጭር ስለሆነ እምብዛም አይወተፍባትም። የወንዱ ረጅምና ቀጭን ነው። በግልገልነቱ የተኮላሸው ደግሞ ቱቦው ሳይሰፋ ስለሚቀር የባሰ ነው። እኔ ደስ ብሎኝ የገዛሁት እንግዲህ እሱን ነበር። አሁን ስገዛ መቼ እንደተኮላሸ እጠይቃለሁ። ካላወቁ ያልተኮላሸ ገዝቼ ራሴ በቡርዲዞ (ሳይቆርጥ ከውጭ ጨምቆ በሚያኮላሽ መቆንጠጫ) አስኮላሻለሁ። ሲኮላሽ ቢያንስ አምስት ስድስት ወር የሞላው መሆን አለበት።

የማበላውን ልንገርሽ። ድርቆሽ ከፊታቸው አይጠፋም፣ ዋናው ምግባቸው እሱ ነው። የሱሉልታ ድርቆሽ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሲታጨድ ገዝተሽ ብታስቀምጪ ከየካቲቱ ይረክስልሻል። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው) ቀላቅዬ ለአንድ በግ በቀን ከ300 እስከ 400 ግራም፣ ለጠዋትና ለማታ ተከፍሎ። እሱንም ከትንሽ ጀምሬ በሁለት ሳምንት ነው እዚያ የማደርሰው፣ ድንገት ከሆነ ሆዳቸው ይነፋል። ለመቶ ኪሎ ድብልቅ አንድ ኪሎ ተኩል ላይምስቶን እጨምራለሁ። መኖ መሸጫ ለዶሮ መኖ የሚሸጡት የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው፣ ግድግዳ የሚቀባው ኖራ እንዳይሰጡሽ! የተዘጋጀውን የዶሮ መኖ ራሱን ደግሞ በፍጹም አትስጫቸው፣ መዳብ ስላለበት በግ ይመርዛል። አሞሌ ጨው ጋጣው ላይ ይንጠልጠል። ጨው የላሰ በግ ይጠጣል፣ የጠጣ በግ ይሸናል። የማለዳውን ውሃ ትንሽ ሞቅ አድርጌ ነው የምሰጠው፣ ልዩነቱን በዓይንሽ ታዪዋለሽ።

ማታ ማታ በራችን ላይ ቆሜ ሲሸኑ አያለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንዱ ሲያምጥ ካየሁ ዘይትም ተልባም አልሰጥም፣ ፉርሽካውን ወዲያው አቁሜ በዚያው ሰዓት ለሐኪም ነው የምደውለው። የሐኪሙን ስልክ ደግሞ በጎቹን ከመግዛትሽ በፊት ያዢ፣ አርብ ከሰዓት መፈለግ እንዳትጀምሪ።

እና ውሃውን አስዪው። ደረቅ መኖ የሚበላ አንድ በግ በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር ይፈልጋል። አምስት በግ ማለት በቀን አንድ ጀሪካን ነው። የናንተ ፈረቃ በሳምንት አንዴ ከሆነ ለበጎቹ ብቻ 140 ሊትር ይቀመጥላቸዋል ማለት ነው፣ ከቤቱ ውሃ ሌላ። እኔ ለእነሱ ብቻ 200 ሊትር በርሜል ገዛሁ፣ ልጆቼም ልብስ ለማጠብ እንኳ ከእሱ አይቀዱም። የእናንተ ሮቶ ስንት ሊትር ይይዛል? ውሃውስ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? እሱን ጻፊልኝና ስንት በግ መያዝ እንደምትችዪ አብረን እናስላ።