ደብዳቤው መንገድ ላይ ቢቀርስ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ዕቃ ሳዝዝ ስልክ ከጆሮዬ አይነቀልም፤ እንዲያም ሆኖ ስንት ነገር ይበላሻል። የጥንት የጣሊያኗ ፍሎረንስ ነጋዴዎች ግን ከቤታቸው ሳይወጡ ዛሬ ቤልጂየም ውስጥ እስካለችው ብሩዥ ድረስ ይገዙና ይሸጡ ነበር ይባላል። ደብዳቤው መንገድ ላይ ቢቀርስ? መልእክተኛው ቢያጭበረብርስ?

መልስ፦ ዕድሜዬን ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስለይ ስለኖርኩ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል።

ደብዳቤ እንደሚጠፋ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ አስቀድመው ይዘጋጁበታል። ፍሎረንስ አጠገብ ያለችው የፕራቶ ከተማ ነጋዴ የነበረውን ፍራንቼስኮ ዳቲኒን ውሰድ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1410 ሲሞት የተወው ደብዳቤ ወደ 150 ሺህ ይጠጋል። እንደሱ ያለ ነጋዴ ቁም ነገር ያለውን ደብዳቤ በግልባጭ ይልካል፤ አንዱን በአንድ መልእክተኛ፣ ሌላውን በሌላ። ደብዳቤው ሲጀምር ሰላምታ አያበዛም። ከአንተ የደረሰኝ የስንት ቀኑ ነው፣ እኔ የላክሁልህ በማን እጅ ነው፣ እሱን ይዘረዝራል። የጠፋ ካለ ያኔውኑ ይታወቃል። ተቀባዩም መቼ እንደደረሰውና መቼ እንደመለሰ ጀርባው ላይ ይጽፍበታል። እኛ ፖስታ ቤት እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በነበረ!

ወደ መልእክተኛው ልምጣ። በ1357 የፍሎረንስ ነጋዴዎች ተስማምተው የራሳቸውን የጋራ መልእክተኞች አደራጁ። የብዙ ሰው ደብዳቤ በአንድ ከረጢት ይሄዳል። አንተ መልእክተኛውን ፈራህ፤ እኔ ብሆን የምፈራው ጥቅሉ የሚደርሰውን ነጋዴ ነው። በዚያው ዘመን የኖረ ፓኦሎ ዳ ቼርታልዶ የሚባል የፍሎረንስ ነጋዴ የሰጠውን ምክር ስማ፦ የሌሎች ደብዳቤ ከአንተው ጋር ታስሮ ከመጣ መጀመሪያ የራስህን አንብብ። ግዛ ወይም ሽጥ የሚል ካለው ጉዳይህን ጨርስ። የሰውን ደብዳቤ ከዚያ በኋላ አድል፤ ንግድህን የሚያበላሽ ወሬ ሊኖርበት ይችላላ! ጉድ እኮ ነው። ማኅተም ሳይነካ፣ ሳይሰረቅ፣ እንዲሁ በማዘግየት ብቻ ጎረቤትህን ታከስረዋለህ።

ለዚህ ነው የቸኮለ ሰው ለብቻው መልእክተኛ የሚቀጥረው። ዋጋው ውድ ነው። ቬኒስ ውስጥ ደብዳቤው ላይ ራሱ ይጻፍ ነበር፤ በዚህን ያህል ቀን ከደረሰ ይህን ያህል ክፈለው፣ ከዘገየ ቀንስበት።

በኋላ ታክሲስ የሚባል የጣሊያን ቤተሰብ ለነገሥታት ፈረስ እየቀያየረ የሚሮጥ ፖስታ ዘረጋ። በ1505 ውላቸው ብራስልስን ኦስትሪያ ካለችው ኢንስብሩክ በበጋ በ5 ቀን ተኩል፣ በክረምት በ6 ቀን ተኩል ሊያገናኙ ቃል ገቡ። ፖስታው የነገሥታት ቢሆንም የነጋዴንም ደብዳቤ እያስከፈለ ይዞ ይሄዳል። እንግሊዝ ግን ጠበቅ አደረገችው። ለንደን ያሉ የውጭ ነጋዴዎች የራሳቸው ፖስታ ነበራቸው፤ በ1591 የወጣ አዋጅ ከንግሥቲቱ ከቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ፖስታ ውጭ ወደ ባሕር ማዶ ደብዳቤ መላላክን ከለከለ። ቤተ መንግሥቱ በስለላ ፍርሃት ማን ለማን እንደሚጽፍ ማወቅ ፈልጎ ነበር።