«ከምንድን ነው የምትሸሺው?» አለኝ

ጥያቄ፦ የ37 ዓመት ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። ካገባሁ 11 ዓመቴ ነው። የ8 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። አንድ ቀን ሩቅ ገጠር ባለ የሚሲዮን ሆስፒታል በበጎ ፈቃድ ማገልገል የልጅነት ሕልሜ ነው። ባለፈው ወር ውጭ አገር ከሚገኝ አንድ እንዲህ ያለ ሆስፒታል ለአንድ ዓመት እንደተቀበሉኝ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣልኝ። ማመልከቻውን የላክሁት ለባለቤቴ ሳልነግረው ነው። ብነግረው እንደሚከለክለኝ አውቃለሁ። ደብዳቤውን ሳሳየው ዝም ብሎ አነበበውና «ከምንድን ነው የምትሸሺው?» አለኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እግዚአብሔር የጠራኝን ሥራ ሽሽት ማለቱ በጣም አመመኝ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን አንስተን አናውቅም። ለልጄም አልነገርኳትም። በዚያ ላይ ደክሞኛል፤ ከሥራ ስመለስ በር ላይ መኪና ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ ብዬ ነው የምገባው። ለሆስፒታሉ መልስ የምሰጥበት ቀን እየደረሰ ነው። እሱ ባይስማማም ልሂድ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በእያንዳንዱ ጊዜ የቆምኩት «በዚያ ላይ» ብለሽ ባለፍሻት ነገር ላይ ነው። መኪናው ውስጥ ያለችው ግማሽ ሰዓት። እዚያ ተቀምጠሽ ምን እንደምታደርጊ አልጻፍሽም። ምናልባት ምንም አታደርጊም። ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ስትቀበይ ትውያለሽ። በሩን ከፍተሽ ስትገቢ ደግሞ የሚፈልጉሽ ሌሎች አሉ። ማንም ምንም የማይጠይቅሽ እዚያ መኪና ውስጥ ብቻ ነው።

ባለቤትሽ ይህን ሳያይ የቀረ አይመስለኝም። መኪናው ሲቆም ይሰማል። አንቺ የምትገቢው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ቤት ውስጥ ሆኖ ደቂቃውን የሚቆጥር ሰው አለ ማለት ነው። ለዚህ ነው ጥያቄውን እንደ ስድብ መውሰድ የከበደኝ። የፈራ ሰው ጥያቄ ነው የመሰለኝ። «ከምንድን ነው የምትሸሺው?» ሲል «ከእኔ ነው እንዴ?» ማለቱ ሊሆን ይችላል። እሱን አላነጋገርኩትምና እርግጠኛ መሆን አልችልም። አንቺ ግን ልትጠይቂው ትችያለሽ።

ጥሪሽን አልጠራጠርም። ከልጅነት ጀምሮ አብሮ ያደገ ሕልም እንዲሁ አይመጣም። ነገር ግን ጥሪና ሽሽት አንድ ልብ ውስጥ አብረው መኖር ይችላሉ። ሕልሙ የቆየ ነው። ማመልከቻውን የላክሽው ግን ዘንድሮ ነው፤ መኪና ውስጥ መቀመጥ ከለመድሽ በኋላ። ለምን ዘንድሮ ሆነ? ይህን ለእኔ መመለስ የለብሽም። ለራስሽ ግን መልሺ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በርንአውት የሚባለውን ነገር ሲገልጸው በሽታ አላለውም። ለረጅም ጊዜ ቆይቶ በወጉ ያልተያዘ የሥራ ጭንቀት የሚያመጣው ነው ይላል። ሦስት መልክ አለው። ጉልበት ይጨርሳል። ልብን ከሥራው ያርቃል። የሠራሽው ሁሉ እንዳልረባ እንዲሰማሽ ያደርጋል። በደብዳቤ ብቻ አንቺ ላይ ይህ አለ ብዬ መፍረድ አልችልም። ሦስቱንም አንብበሽ «ይሄ እኔ ነኝ» ካልሽ ግን ከመሄድሽ በፊት ከባለሙያ ጋር ተቀመጪ። የገጠር ሆስፒታል ለደከመ ነርስ ማረፊያ አይሆንም።

ይህን በደንብ ማለት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ተሳስቶ የሚሄደው እዚህ ላይ ነውና። ከተማ ያለው ሥራ ወረቀት፣ ጥድፊያና ጭቅጭቅ ይሆንብሻል። ገጠሩ ደግሞ ከሩቅ ሲታይ ንጹሕ ነው፤ አንቺና ታማሚው ብቻ። እዚያ ሲደርሱ ግን ሌሊት አንድ ዋርድ ሙሉ ለአንድ ነርስ ይተዋል። ኦክስጅን የሚሰጠው ማሽን በመብራት ነው የሚሠራው፤ ጄኔሬተሩ ከቆመ እሱም ይቆማል። አሁን በምትሠሪበት ሆስፒታል ቢሆን ኖሮ የምታድኚውን ሕፃን እዚያ እጁን ይዘሽ ልትሸኚው ትችያለሽ። ምን መደረግ እንዳለበት እያወቁ ማድረግ አለመቻልን አንድሪው ጄምተን የተባለ የነርሲንግ ሥነ ምግባር ምሁር እ.ኤ.አ. በ1984 የሞራል ጭንቀት ብሎ ስም አውጥቶለታል። ከድካም ይለያል። እንቅልፍ አያስለቅቀውም። ሙሉ ጉልበት ይዞ የሄደን ሰው እንኳ ይፈትናል። አንቺ ደግሞ ከወዲሁ መኪና ውስጥ የምትቀመጪ ሴት ነሽ።

አሁን ወደ ማመልከቻው እንምጣ። «ብነግረው እንደሚከለክለኝ አውቃለሁ» ብለሻል። እህቴ፣ ጥያቄውን ሳትጠይቂው መልሱንም አንቺ መለስሽለት። ምናልባት ልክ ነሽ፤ ይከለክል ነበር። ሆኖም በ11 ዓመት ትዳር ውስጥ ሰው የሚጎዳው ሚስቱ ልትሄድ በማሰቧ ብቻ አይደለም። እሱ በሌለበት ተወስኖ፣ ወረቀቱ አልቆ፣ በመጨረሻ ለማየት መጠራቱም ይጎዳዋል። በዚያ ላይ «እግዚአብሔር ጠርቶኛል» ስትዪው ምን ይበልሽ? ከአንቺ ጋር መከራከር ይችላል። ከፈጣሪ ጋር የሚከራከር ባል ሆኖ መታየት ግን አይፈልግም። ስለዚህ ዝም ይላል። ዝምታው እምቢታ ላይሆን ይችላል፤ የሚቆምበት ቦታ አጥቶ ይሆናል። ጥሪው ወደ አንቺ መጥቶ ከሆነ እንኳ የአንድ ዓመት ዋጋውን የምትከፍሉት ሦስታችሁ ናችሁ። ይህን አፍ አውጥተሽ ንገሪው። ለሸምጋይ ሳይሆን ለእሱ።

ስለ ሚሲዮን ሆስፒታል ሲወራ የሚሲዮናዊው ሐኪም የዶክተር አልበርት ሽቫይትዘር ስም ይነሳል። እኔ የማስበው ግን ስለ ሚስቱ ስለ ሄለነ ነው። ነርስነት የተማረችው ለዚሁ ሥራ ብላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 አብረው ጋቦን፣ ላምባሬኔ ሄደው ሆስፒታሉን ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1924 እሱ ተመልሶ ሲሄድ ግን ሄለነ አውሮፓ ቀረች። ጤናዋ ተዳክሞ ነበር፤ ልጃቸው ሬናም ገና አምስት ዓመቷ ነበር። የሆስፒታሉ ታሪክ ውስጥ የዳኑት ታማሚዎች አሉ፣ እነሱን ማንም አይክድም። የቀሩትም አሉ። ሬና ካደገች በኋላ ላምባሬኔ ሄዳ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርታለች። አባቷ እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሞት ደግሞ አስተዳደሩን ተረከበች። ይህን የማነሳው ላስፈራሽ ብዬ አይደለም። የሚሄደው ሰው አንድ ቢሆንም ጉዞው የቤተሰቡ ሁሉ እንደሚሆን ስለሚያሳይ ነው።

ልጅሽን በተመለከተ፣ እናንተ ሁለታችሁ ሳትስማሙ ምንም አትንገሯት። የምትነግሯት ቀን ግን አብራችሁ ተቀምጣችሁ ይሁን። የ8 ዓመት ልጅ እናቷ ስትሄድ ጥፋቱን ራሷ ላይ ልትፈልግ ትችላለች፤ «ስላስቸገርኳት ነው» ብላ። ሳትጠይቅሽ በፊት አንቺ ንገሪያት፦ በእሷ ምክንያት አይደለም። የምትመለሺበትን ቀን ቀን መቁጠሪያ ላይ አሳያት። በየቀኑ እደውላለሁ ብለሽ ቃል አትግቢ። ኔትወርክ ይጠፋል፣ የሌሊት ተራ ይኖራል፣ እሷ ግን ስልኩን ይዛ ትጠብቃለች። በሳምንት አንድ የታወቀ ሰዓት ይሻላል፤ ካልተቻለም ማን እንደሚነግራት አስቀድሞ ይታወቅ። ስትመለሺም ወዲያው ሮጣ ላትታቀፍሽ ትችላለች። አትዘኚባት። አንቺ በሌለሽበት ቤቱ ሌላ ሥርዓት ለምዶ ይቆያልና ጊዜ ስጫት።

የባለቤትሽ ፍርሃት ውስጥ ደግሞ «ታማ ትመጣለች» የሚልም ሊኖር ይችላል። እሱን በማጽናናት ብቻ አታልፊው፤ በእውነት መልሺለት። በመርፌ ብትወጊ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበትና ለ28 ቀን እንደሚወሰድ አንቺ ታውቂያለሽ። እሱ ላያውቅ ይችላል። መድኃኒቱ እዚያው ግቢ መኖሩን ሆስፒታሉን በጽሑፍ ጠይቂ። በጠና ብትታመሚ በምን እንደሚያወጡሽ፣ የኢንሹራንሱን ወጪ ማን እንደሚከፍል፣ የአገሩ የነርስነት ፈቃድ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠይቂ። ሌሊት ከአንቺ ሌላ ማን እንደሚኖርም አትርሺ። መልሱ ሲመጣ ለብቻሽ አታንብቢው።

«እሱ ባይስማማም ልሂድ?» ብለሻል። አሁን ባለው ሁኔታ፣ ለአንድ ዓመት፣ አትሂጂ። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ ሌላ ባለሙያ ሌላ ሊልሽ ይችላል። አዋቂ ሴት ነሽና የባልሽ ፈቃድ ያስፈልግሻል እያልኩ አይደለም። ሳይማከር የተወሰነበትን ሰው ጥሎ መሄድና ተማክሮ ያልተስማማን ሰው ትቶ መሄድ ግን ለየቅል ናቸው። ሁለተኛው ጋ ገና አልደረስሽም። ለሆስፒታሉ ጻፊላቸው። ጊዜውን እንዲያራዝሙልሽ ወይም ለሦስት ወር ብቻ እንዲቀበሉሽ ጠይቂ። ሦስት ወር ለእነሱ አጭር እንደሆነ አልክድም፤ ቦታውን በቅጡ ለምደሽ ሳትጨርሺ ያልቃል። ለቤታችሁ ግን ይህኛው ይቀላል። ለድካምሽም እርዳታ ፈልጊ፣ ብትሄጂም ብትቀሪም። ከሙሉ ምክክር በኋላም እምቢ ካለ፣ ሁለታችሁም የትዳር አማካሪ ጋ ሂዱ። ያኔ የምትወስኚው ውሳኔ ይከብዳል፤ ግን ተደብቆ የተወሰነ አይሆንም።

እስከዚያው አንድ ነገር ሞክሪ። ነገ ከሥራ ስትመለሺ፣ መኪናውን አቁመሽ ደውይለት። ወጥቶ አጠገብሽ እንዲቀመጥ ለምኚው። መጀመሪያ ዝም ብትሉም ችግር የለውም። ከዚያ ለጥያቄው መልስ ስጪው፦ «ከምን እንደምሸሽ እኔም ገና አላወቅኩም። ከአንተ የምሸሽ ከመሰለህ ግን ንገረኝ፣ መስማት እፈልጋለሁ።»