ጠርሙሱ ላይ የፍሬው ስም የለም፤ ተበርዞ ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ነው። ለእህቴ ሰርግ አጎቴ ከፈረንሳይ ሲመጣ ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዞ መጣ። ላዩ ላይ «ቦርዶ» ይላል፣ የሻቶው (የወይን እርሻው) ስም አለ፣ ዓመቱም አለ፤ የወይኑ ዓይነት ግን የለም። እኛ የለመድነው የዝዋዩ «ሜርሎ» ወይም «ካበርኔ ሶቪኞን» ብሎ በግልጽ ይነግረናል። አጎቴ «ይሄ ቅይጥ ነው» ሲል የታላቅ እህቴ ባል «ታዲያ ተበርዟላ!» ብሎ ሳቀበት። ክርክሩ ከሰርጉ አልፎ እስከ መልሱ ዘለቀ። እርስዎ ይገላግሉን።

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ አጎትህ ልክ ነው። አማቻችሁ ቅይጥና ብርዝ ተምታቶበታል። ብርዝ ውሃ ሲገባበት ነው። ቦርዶ ውስጥ የሚገናኘው ግን ወይን ከወይን ጋር ነው። እያንዳንዱ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻው ይጠመቃል፣ ይቀመሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው በልክ በልኩ የሚዋሃደው።

ቦርዶ ራሱ የፍሬ ስም አይደለም፣ የቦታ ስም ነው፤ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ያለ ከተማና ዙሪያው። ፈረንሳዮች ብዙ ጊዜ የበቀለበትን አገር ይጽፉልህና ፍሬውን አንተው እወቅ ይሉሃል። እኛስ «የሐረር ቡና» እንላለን እንጂ የዛፉን ዝርያ መች እንጠራለን?

የቅይጡ ዋና ፍሬዎች ሁለት ናቸው፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሜርሎ። ካበርኔ ፍራን ይከተላል። ፔቲ ቨርዶና ማልቤክ ጣል ጣል ይደረጋሉ። ካርሜኔር የሚባል ስድስተኛ ዘመድም ነበራቸው፣ የእሱን ጉድ ቆይቼ እነግርሃለሁ።

ካበርኔ ሶቪኞን ፍሬው ደቃቅ፣ ቆዳው ወፍራም ነው። ገና ሳይቆይ ከጠጣኸው ድድህን ጭምድድ ያደርገዋል። ሻይ ቅጠል ረስተኸው ሲፈላ ቆይቶ ያለ ስኳር ስትጎነጨው ምላስህ ድርቅ አይልም? እሱን ነው የምልህ። ታኒን ይባላል፣ ከቆዳውና ከዘሩ የሚወጣ ነው፤ ወይኑን ለብዙ ዓመት የሚያቆየውም ያው ጉምዛዜ ነው። ሜርሎ ለስለስ ይላል፣ አፍ ይሞላል፣ የበሰለ ፕሪም ይሸታል። ብቻውን ሲሆን አንዳንዴ ይልሞሰሞሳል፣ ይሄ የኔ አፍ ነው። ካበርኔ ፍራን ደግሞ ሽታ ያመጣል፣ ትንሽ ቃሪያ ቃሪያ የሚል።

ታዲያ ለጣዕም ብቻ ተብሎ እንዳይመስልህ። ቦርዶ አትላንቲክ ውቅያኖስ አጠገብ ነው፣ ዝናቡ አይታመንም። ሜርሎ ቶሎ ያቆጠቁጣል፣ ቶሎም ይደርሳል፣ ስለዚህ የጸደይ ውርጭ ያገኘዋል። ካበርኔ ሶቪኞን ዘግይቶ ስለሚያቆጠቁጥ ከውርጩ ያመልጣል፣ ዘግይቶ ስለሚደርስ ግን የመከሩ ዝናብ ይጠብቀዋል። በ1956 የካቲት ላይ የወረደው ብርድ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠርልኝ) ብዙ የወይን ተክል ከነግንዱ ነው የገደለው። እና ሰውየው ሁለቱንም ይተክላል። የቃሉ ገበሬ የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ማሽላው ባይሆንለት በክረምቱ ጤፍ ይዘራበት የለ? ያው ነው። የቅይጡ መጠን በየዓመቱ የሚለያየውም ለዚህ ነው።

የአጎትህን ጠርሙስ አገላብጠህ እየው። ጋሮንና ዶርዶኝ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ተገናኝተው ጂሮንድ ይሆናሉ። በግራ በኩል ያለው መሬት ጠጠር ነው፣ ውሃ አይቋጥርም፣ ሙቀት ይይዛል፣ ዘግይቶ ለሚደርሰው ካበርኔ ይስማማል። በቀኝ በኩል ሸክላ አፈርና የኖራ ድንጋይ ስለሚበዛ ቦታው የሜርሎ ነው። ጠርሙሱ ላይ ሜዶክ ወይም ፖይያክ ካለ ካበርኔ ሶቪኞን ይበዛዋል፣ ሴንት ኤሚልዮን ወይም ፖምሮል ካለ ሜርሎ።

የስሙ መግነን የጀመረው በጋብቻ ነው ብልህ ለሰርግ ወሬያችሁ ይሆናል። በ1152 የአኪቴይኗ ኤሌኖር በኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ የሆነውን ሄንሪን አገባች፣ ቦርዶም በእንግሊዞች እጅ ገባና እስከ 1453 ቆየ። ወይኑ በመርከብ ወደ እነሱ ሲጋዝ ኖረ። ያኔ ቀለሙ ገርጣ ያለ ነበር፤ እንግሊዞች እስከ ዛሬ ቀዩን ቦርዶ «ክላሬት» የሚሉት ከዚያ የቀረ ስም ነው። ዛሬ የምናውቀው ሜዶክ ግን ብዙው ረግረግ ነበር፣ ያጠነፈፉት በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ሆላንዶች ናቸው።

አሁን አማቻችሁን ዝም የምታሰኝበትን ልስጥህ። በ1997 ካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በዲኤንኤ መርምረው ካበርኔ ሶቪኞን የካበርኔ ፍራንና የሶቪኞን ብላን ልጅ መሆኑን ይፋ አደረጉ። ሶቪኞን ብላን እኮ ነጭ ወይን ነው! የሁለቱም ስም ልጁ ላይ ተጽፎ ሳለ ማንም እርግጠኛ አልነበረም። ሜርሎም ከካበርኔ ፍራን የተወለደ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የቅይጡ ሁለት ዋናዎች ባዕድ አይደሉም፣ በአንድ ወላጅ የሚገናኙ ወንድማማቾች ናቸው።

ካርሜኔር? በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊሎክሴራ የምትባል ሥር የምትበላ ተባይ የፈረንሳይን ወይን ስታወድም እሱም ከቦርዶ ጠፋ ተባለ። ለካ ቀደም ብሎ ቺሊ ተወስዶ ተተክሏል፣ ገበሬው «ሜርሎ» እያለ ሲለቅመው ኖሯል። የታወቀው በ1994 ነው።

እግረ መንገዴን፣ ዝዋይ ላይ ወይን የተከለው ካስቴል መነሻው ቦርዶ ነው። የኮምቦልቻውን ቢራ ፋብሪካ ያቆመውም ይኸው ቡድን ነው።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ። ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል ይላሉ። እኔ እንደዚያ ስጠጣው አልኮሉ አፍንጫዬን ይወጋኛል። ፍሪጅ ባስገባው ነውር ነው?

መልስ፦ ምን ነውር አለው እህቴ! «ክፍል» የተባለው የድሮ የፈረንጅ ቤት ነው፣ ብርዳም። ለቦርዶ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል። ደሴ ማታ ማታ ጠረጴዛው ላይ ብትተዪው ራሱ ይደርስልሻል፣ ሐረጎን ከወረድሽ በኋላ ግን 20 ደቂቃ ፍሪጅ ይግባ። እኔ አንድ ሆቴል ውስጥ ከማኪያቶ ማሽኑ ጎን ቆሞ የዋለ ወይን ቀርቦልኝ ያውቃል፤ ሾርባ በይው። በረዶ ግን እንዳትጨምሪበት፣ ያኔ ነው የሚበረዘው።