መልስ፦ ፋይናል ፋንታሲን ከስንተኛው ልጀምር?

ወንድሜ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት የፋይናል ፋንታሲ ጌሞች የቱ ይሻላል ላልከው፣ እኔ ብሆን ከ3ኛው ነው የምጀምረው።

1ኛው (በፈረንጆቹ 1987 የወጣው) ታሪኩ ሳሳ ያለ ነው። አራቱን ተዋጊዎች ራስህ መርጠህ መግባትህ ግን እስካሁን ደስ ይላል። የድሮው የፋሚኮም (የኔንቲዶ የድሮ ጌም ማጫወቻ) ቅጂ ላይ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ሁለት ሰው አንድ ጭራቅ እንዲመታ ታዛለህ፤ የመጀመሪያው ከገደለው የሁለተኛው ምት አየር ላይ ይቀራል። ወደ ሌላው አይዞርም! ስንቴ እንዳበሸቀኝ።

2ኛውን (1988) ብዙ ሰው ያማርረዋል። እንደሌሎቹ ተዋጊው ሌቭል (አጠቃላይ የብቃት ደረጃ) አይጨምርም። ሰይፍ ስትጠቀም የሰይፍ ችሎታህ ያድጋል፤ ዱላ ስትቀምስ ጤናህ ይጨምራል። ታዲያ ምን ታደርጋለህ? ጤናቸው እንዲጨምር ደካማ ጭራቅ ፊት ቆመህ የገዛ ጓደኞችህን ትቀጠቅጣለህ። መጀመሪያ ያስቃል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን እጅ እጅ ይላል።

3ኛው (1990) ላይ የተዋጊዎችህን ሙያ እንደ ልብስ ትቀያይራለህ፤ ለእኔ ጣዕሙ እዚያ ነው። ጉዱ መጨረሻው ላይ ነው፤ በዚያ ረጅም የመጨረሻ ጉዞ ውስጥ ሴቭ ማድረጊያ (የደረስክበትን ማስቀመጫ) የለም። ከተሸነፍክ የሰዓታት ልፋትህ ገደል ገባ። ፒክሰል ሪማስተር የሚባለው አዲሱ ቅጂ ግን መሃል ላይም ሴቭ ያስደርጋል። እሱን ያዝ።