ስለ ጥንቷ ሮም ለማጥናት ቀዳማዊ ምንጭ ከየት ይገኛል?

ጥያቄሽ ይህ ነው፦ የሦስተኛ ዓመት የታሪክ ተማሪ ነሽ፤ የጥንቷን ሮም በማስተርስ ደረጃ ማጥናት ትፈልጊያለሽ፤ በቤተ መጻሕፍታችሁ ያሉት ግን የመማሪያ መጻሕፍት ብቻ ናቸው። ቀዳማዊ ምንጭ፣ ማለትም ከዘመኑ የተረፈ ጽሑፍ ወይም ቅርስ፣ ከየት ላምጣ ትያለሽ።

እህቴ፣ ምንጩስ ሞልቷል። የቱፍትስ ዩኒቨርሲቲው ፐርሴየስ ዲጂታል ላይብረሪ የላቲንና የግሪክ ድርሳናትን፣ ብዙዎቹንም ከእንግሊዝኛ ትርጉማቸው ጋር፣ በነጻ ያስነብባል። ፓፒሪ ዶት ኢንፎ የተባለው ድረ ገጽ ደግሞ በአብዛኛው ከግብፅ ምድር የወጡ የግብር ደረሰኞችን፣ ውሎችንና ደብዳቤዎችን ይዟል። የሚያሳስበኝ የጥያቄሽ ስፋት ነው። «የሮም ሥልጣኔ» ብለሽ ከተነሣሽ በጽሑፍ ብዛት ትዋጫለሽ። «በብሪታንያ ጠረፍ የሰፈሩ የጦር አዛዦች ሚስቶች እንዴት ይኖሩ ነበር?» ብትዪ ግን ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰሜን እንግሊዝ በነበረው የሮም ጦር ሰፈር በቪንዶላንዳ የተገኙት ስስ የእንጨት ሰሌዳዎች መልስ አላቸው። በአንዱ ላይ የአንድ አዛዥ ሚስት የሆነችው ክላውዲያ ሴቬራ እንደ እሷው የአዛዥ ሚስት የሆነችውን ወዳጇን ሱልፒኪያ ሌፒዲናን ለራሷ የልደት ቀን ትጠራታለች፤ የመጨረሻዎቹ መስመሮች የገዛ እጇ ጽሑፍ እንደሆኑ ይታመናል።

ጥንታዊ የሆነ ሁሉ ምስክር አይደለም። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ሊቪ ስለ ሮም አመሠራረት የጻፈው ተመሠረተች ከሚባልበት ጊዜ 700 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፤ ስለዚህ የሚመሰክረው ይበልጥ ስለ ራሱ ዘመን አስተሳሰብ ነው። ምስክሩም ቢሆን የሚሸሽገው አለው። የመጀመሪያው የሮም ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ሥራውን የዘረዘረበት፣ በአንካራ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ተቀናቃኙን ማርክ አንቶኒን አንድም ጊዜ በስሙ አይጠራውም። ምን እንደተባለ ብቻ ሳይሆን ምን እንደታለፈም መዝግቢ።

እኔ ብሆን የሮምና የአክሱምን ግንኙነት እመርጥ ነበር። የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆንስታንቲዮስ 2ኛ ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማ ማለት ነው፣ ወደ እስክንድርያ እንዲልኩት ለኢዛናና ለሳይዛና የጻፈው ደብዳቤ በአትናቴዎስ ድርሳን ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። ከኢዛና የግዕዝና የግሪክ የድንጋይ ጽሑፎች ጋር አስተያይተሽ አንብቢው። ግዕዝ ካጠናሽ በዚህ ርዕስ ብዙ አመልካቾች የሌላቸውን ዕውቀት ይዘሽ ትቀርቢያለሽ።

ቋንቋውን ግን አታዘግዪ። የጥንት ታሪክ ማስተርስ የሚያስተምሩ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ላቲን ወይም ግሪክ ይጠይቃሉ፤ ለዚህ ርዕስ ግሪክ ይቅደም። በዚህ ሴሚስተር ፊደሉንና የመጀመሪያውን ሰዋስው ጀምሪ፤ ስለ ቆንስታንቲዮስ ደብዳቤ የምትጽፊውን አጭር ጥናትም ከማመልከቻሽ ጋር የምታያይዢው የጽሑፍ ናሙና አድርጊው።